ያልተጮኸለት ልጅ አይጫወትም

የከተማችንን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከየትኛውም ኮረብታ ላይ ቆሞ ጆሮውን ቢያቀና ያገኛታል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት እንጮኻለን። ተጣልተን ወይም እሳት ተነስቶብን አይደለም። ልጆቻችን ኳስ ስለሚጫወቱ ነው።

በከተማችን ከሕጎች ሁሉ በፊት የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ ያልተጮኸለት ልጅ አይጫወትም። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱን ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ልጁን የሚወድ ወላጅ ይጮኻል። አብዝቶ የሚወድ አብዝቶ ይጮኻል። የማይጮህ ወላጅ ከተገኘ ወይ ልጁ የእሱ አይደለም፣ ወይ ልቡን አሞታል። ስለዚህ በሜዳው በር ላይ ሊቀ ጩኸት የሚባሉት ሹም ይቀመጣሉ። ወላጅ ሲገባ የልጁን ስም አንዴ ይጠራል፤ ከወዲያኛው ጎል አጠገብ የታሰረችው አህያ ጆሮዋን ካነሳች ልጁ ይጫወታል። ካላነሳች ወላጅም ልጅም ወደ ቤት። አህያዋ በእርጅና ምክንያት መስማት እየተሳናት ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ሊቀ ጩኸት ድልነሳ ግን "አህያ አትዋሽም" ብለው ነገሩን ዘጉት። ሊቀ ጩኸት ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ አያዳሉም።

እኔ እማዋይሽ እባላለሁ። በዚህ ከተማ እንደ እኔ የሚጮህ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው፤ ትሕትና የሚያምርበት ሰው ሌላ ቦታ ይፈለግ። ሌሎቹ እናቶች ከጩኸት ትምህርት ቤት ተመርቀው አረንጓዴ ሻርፕ ተሸልመዋል። እኔ ያደግኩት ወፍጮ ቤት ነው። ድንጋዩ እየዞረ "ይሄ የማን እህል ነው?" ብሎ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው ሻርፕ አያስፈልገውም። ፊደልም የለየሁት እዚያው፣ ከዱቄት ከረጢት ላይ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት "ከእርጥበት ይጠበቅ" የሚለውን ሲሆን፣ እስካሁን ከዚህ የሚበልጥ ምክር ከመጽሐፍ አላገኘሁም።

ልጄ ትርንጎ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ጨው ላምጣ ብሎ የወጣ ነጋዴ ነው፤ ጨዉም እሱም አልመጡም። ስለዚህ እኔ የሁለት ሰው ድርሻ ስጮህ ኖርኩ።

የእኛን ጨዋታ ላላየ ሰው ላስረዳ። ልጆቹ ሜዳ ይገባሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወላጆቻቸው ያዞራሉ። ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። "ሩጥ!" "ቁም!" "ወደ ግራ! ኧረ ምኑን ግራ፣ ወደ ቀኝ!" እናቱ "ሂድ"፣ አባቱ "ተመለስ" ብለውት ካለበት ሳይነቃነቅ ጨዋታው ያለቀበት ልጅ ነበር፤ በዚያው ጎበዝ ተከላካይ ተብሎ ቀረ። አሰልጣኝም አለን፤ ሥራው ለወላጆች ውሃ ማደል ነው። ጨዋታው ሁልጊዜ ባዶ ለባዶ ያልቃል። ይህም ኩራታችን ነው፤ ተሸንፈን አናውቅማ። መረቡን ለጌጥ የተሰቀለ ነገር አድርገን ነበር የምናየው። መጨረሻ ላይ ሊቀ ጩኸት አህያዋን አማክረው አሸናፊውን ይለያሉ፤ ሜዳሊያው ወላጁ አንገት ላይ ይጠለቃል። የእኔ ሜዳሊያዎች ግድግዳው አልበቃቸው ብሎ በሩ ላይ ተሰቅለዋል። ነፋስ ሲነሳ ቤቴ እንደ ደብር ያቃጭላል።

ታዲያ ትልቁ ግጥሚያ ደረሰ። የማዶ ከተማ ልጆች ሊመጡ ሆነ። በሳምንቱ አጋማሽ እኔና ትርንጎ ቧንቧው አጠገብ ቁጭ ብለን ማሊያዋን እናጥባለን።

"እማ።"

"ወዬ።"

"ቅዳሜ አትጩኺ።"

ሳሙናው ከእጄ አመለጠ። "ምን አልሽ አንቺ?"

"አትጩኺ አልኩ።"

"የማዶ ልጆች እየመጡ? አሞሻል እንዴ? እስቲ ግንባርሽን አምጪ።"

"አላመመኝም።" እጄን በክርኗ ገፋችው። "እዚያ ስሆን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ የምገባበት ቦታ የለም።"

"ስለምወድሽ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። አህያዋም ታውቃለች።"

ይህ ምላስ ከማን እንደተወረሰ ጎረቤት መጠየቅ አላስፈለገኝም። "ሕጉስ?" አልኳት። "ካልጮህኩልሽ አትጫወቺም።"

"ከጮህሽም አልጫወትም። ማሊያዬን አውልቄ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ኳስ የሚባል ነገር አልነካም።"

"አታደርጊውም።"

"የማን ልጅ ነኝ?" አለችኝ።

 ትርንጎ የምትዝተውን ታደርጋለች። ነገር ግን ያለ ኳስ ምን እንደምትሆን አስቡት። በእግሯ ሳታንከባልል ያለፈችው ሎሚ፣ ድንች፣ የጎረቤት ኮፍያ የለም። ጓሮ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ኳሷን ከጉልበቷ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ተረከዟ ስታደርሳት በመስኮት አይቻታለሁ። ሜዳ ላይ ግን እኔን እያየች እንደ ችካል ትቆማለች። ይህን ልዩነት ሳላየው ቀርቼ አይደለም፤ ጩኸቴ ያነሰ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ብጮህ ልጄ ኳስ ታቆማለች፤ ባልጮህ ሕጉ ያስቆማታል። ሳስብ ሰነበትኩና እንደ ልማዴ መላ አገኘሁ። በሩ ላይ ስሟን አንዴ እጠራለሁ፤ እሱ ለአህያዋ ነው። ከዚያ ውስጥ ገብቼ አፌን ብቻ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ድምፅ ይውጣልኝ አይውጣልኝ ማን ይለየዋል? እንዲያውም ደም ሥሬን ገትሬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ በመስታወት ፊት ተለማመድኩት። በጣም ያምር ነበር።

ዓርብ ዕለት ሊቀ ጩኸት የወላጆች ጠቅላላ ልምምድ ጠሩ። ልጆች ቦታ እንዳያጣብቡ ተብሎ አልተጋበዙም። እኔም አልሄድኩም። "ልምምድ ለማይችል ነው" ብዬ መልእክተኛውን መለስኩት። ከቀትር ጀምረው ፀሐይ እስክትቆለቁል ሲጮኹ ከቤቴ ሆኜ ሰማኋቸው። ደህና አድርገው ጮኹ፤ አልክድም።

ቅዳሜ ሜዳው በር ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ማንም አይገባም። ከፊቴ ማንጠግቦሽ ነበረች፤ የበረኛው የቢተው እናት፣ ሻርፗን በሁለት ዙር የምትጠመጥም። አፏን በሰፊው ከፍታ "ቢተው!" አለች። የወጣው ግን ከድስት ክዳን ሥር እንደሚያመልጥ እንፋሎት ያለ ነገር ነው። አህያዋ ሣሯን ትግጣለች። ከማንጠግቦሽ በፊት የነበረውም እንደዚሁ፣ ከእሱ በፊት የነበረውም እንደዚሁ። የከተማው ወላጅ በሙሉ ድምፁን ልምምድ ላይ ጨርሶት ኖሯል። ሊቀ ጩኸትም ራሳቸው አንገታቸውን በፎጣ ጠምጥመው በእጃቸው ነበር የሚያወሩት።

ተራዬ ደረሰ። "ትርንጎ!" አልኩ።

አህያዋ ገመዷን በጥሳ አጥሩ ዘንድ ተገኘች።

የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ሊቀ ጩኸት ከመቀመጫቸው ተነሱና ጆሮዬ ሥር "ተርፈናል" አሉ፤ የተረፈቻቸው ሹክሹክታ ነበረች። ከዚያ ከአባት ወደ አባት ሲወርድ የኖረውን፣ ማንም ሊጮህበት ያልተፈቀደለትን ትልቁን የቀንድ መለከት አስመጡ። "ዛሬ የሁሉም እናት አንቺ ነሽ። ለሁሉም ጩኺላቸው፣ ሁሉም ይጫወቱ።"

መቼም ሰው ነኝ። ስንት ዓመት ያየሁት መለከት ነው። እጄ ሲነካው ሞቀኝ።

ወላጆቹ ከበቡኝ። እስከ ትናንት "ያቺ የወፍጮዋ" ስትለኝ የነበረችው ማንጠግቦሽ ክንዴን ያዘች። "እማዋይሽ፣ እህቴ፣" አለች እንደ ድመት እየተነፈሰች፣ "ቢተውን እጅህን ዘርጋ በይልኝ። ደግሞ ጀርባህን አቅና። ደግሞ ቁርስህን ጨርሰሃል ወይ በይልኝ።"

"በመለከት?"

"ታዲያ በምን?"

ሌላው በግራ ጆሮዬ፣ ሌላው በቀኝ ጆሮዬ ትእዛዙን ያንሾካሽካል። ያ ቆንጆ ዘዴዬ የት ገባ? እኔ አፌን ብቻ ልከፍት ያሰብኩት ሌላው እንዲጮህ ነበር። አሁን ሁሉም አፉን ብቻ ይከፍታል፤ ድምፅ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

የማዶ ልጆች በጭነት መኪና ተጭነው ደረሱ። ወላጅ የሚባል አንድም አብሯቸው የለም። "እናቶቻችሁስ?" ብለን ስንጠይቃቸው "ሥራ ላይ ናቸው፤ ስንመለስ እንዴት እንደነበር እንነግራቸዋለን" አሉን። ከእኛ መካከል እንባው የመጣበት ነበር። እንግዳ በመሆናቸው ሕጉ አልተፈጸመባቸውም።

ፊሽካው ተነፋ። ልጆቻችን እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ ሁሉም ወደ አንድ ሰው፣ ወደ እኔ። መለከቱን ወደ አፌ አነሳሁ። ትርንጎ መሀል ሜዳ ላይ ቆማ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የማሊያዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። ሆዷ ታየ። ከዚያ አገጯ ማሊያው ውስጥ ገባ።

መለከቱን አወረድኩ።

"ምን ሆነሻል?" አሉ ሊቀ ጩኸት በሹክሹክታ። "ጩኺ እንጂ!"

"አልጮህም።"

"ድምፅሽ ጠፋ?"

"የለም፣ አለ። ይኸው ይሰማዎታል።"

መለከቱን መሬት ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩበት። ለመቀመጫ አይመችም፤ ግን ተቀመጥኩ። የትርንጎ ራስ ከማሊያው ተመልሶ ወጣ።

ከዚያ በከተማችን ቅዳሜ ጠዋት ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ተሰማ፤ ዝንብ። ልጆቻችን ቆመው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። የማዶ ልጆች ግን አልጠበቁም፤ ኳሷን እየተቀባበሉ መጥተው መረቡ ውስጥ አስገቧት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። "መረቡን ቀደዱት እንዴ?" ብሎ የተጨነቀ አባት ነበር። ዳኛው ራሱ ፊሽካውን ይንፋ አይንፋ ግራ ገብቶት ወደ ሊቀ ጩኸት ተመለከተ።

ያን ጊዜ አንድ ቀጭን ድምፅ "ኧረ ነቃ በሉ! ትርንጎ፣ ወደ ፊት ሂጂ! ያንን ረጅሙን ያዙት!" አለ።

ማንጠግቦሽ ዞር ዞር አለች። "የማን ልጅ ነው እንዲህ የሚናገረው?"

"ያንቺ ነው" አልኳት።

"ቢተው?" እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ድምፁ እንዲህ ነው እንዴ?"

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ልጻፈው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው መጠራራት ጀመሩ። ያ ተከላካይ ሆኖ የቀረው ልጅ ሮጠ፤ መሮጥ እንደሚችል ማን ያውቅ ነበር? ትርንጎ ጓሮ ውስጥ የማውቃትን ትርንጎ ሆነች። ኳሷን በተረከዟ ገፍታ ሁለት የማዶ ልጆችን እርስ በርስ አጋጨቻቸው፤ እኔ ብነግራት ኖሮ እንዲህ አላስደርጋትም ነበር፣ ምክንያቱም እንዲህ መደረግ እንደሚቻል አላውቅም። ሁለቴ አገባን። ሦስቴ ገባብን። በመጨረሻ ትርንጎ ከሩቅ የመታቻት ኳስ የጎሉን አንግል መትታ ተመለሰች፤ ፊሽካውም ተነፋ። ተሸነፍን። በታሪካችን መጀመሪያው ነው። ወላጆች ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ልጆቹ ግን ከማዶዎቹ ጋር ተቃቅፈው፣ አንግሉ አሁንም ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ለማየት ሮጡ።

የሊቀ ጩኸት ድምፅ በተመለሰ ማግስት ወደ ከተማው አዳራሽ ተጠራሁ።

"ክሱ በአደባባይ ዝም ማለት ነው" አሉ። "ምን ትያለሽ?"

"ያን ቀን ዝም ያላለ ማን ነበር ጋሼ ድልነሳ?"

"እኛ ድምፅ አጥተን ነው። አንቺ ድምፅ እያለሽ ነው። ወንጀሉ እሱ ነው።"

"ልጄ አትጩኺ ብላኝ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "ልጅ ናት እናቷን የምታዘው?" አለ ከኋላ አንዱ።

"አንተን ማን እንደሚያዝህ ሰፈሩ ያውቃል" አልኩት። ሚስቱ ከሁሉም በላይ ሳቀች። "እናንተ የምትከራከሩት እኔ ስለጮህኩና ስላልጮህኩ ነው። እስቲ አንዳችሁ ያን ቀን ልጃችሁ ምን እንዳደረገ ንገሩኝ።"

 ከዚያ አንዱ "የእኔ ልጅ ግራ እግሩን ይጠቀማል" አለ፣ ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው። ሌላዋ "የእኔዋ ስትወድቅ ራሷ ትነሳለች" አለች። ማንጠግቦሽ ተነስታ "ቢተው ይናገራል!" ብላ ተቀመጠች። ልቤ ሞቀ፤ ከተማዬ ልታስተውል ነው ብዬ ነበር።

ሊቀ ጩኸት ግን የተማሩ ሰው ናቸው። ጣታቸውን አነሱ። "መረባችን ዘመኑን ሁሉ ባዶ ነበር። ጎል ያገኘነው መቼ ነው? ማንም ባልጮኸ ቀን። እንግዲያው ጎል የሚወለደው ከዝምታ ነው።" አዳራሹ አጨበጨበ። እዚያው ሕጉ ተለወጠ፤ ከዛሬ ጀምሮ የተጮኸለት ልጅ አይጫወትም። እኔ በነፃ ተለቀቅኩ። ሊቀ ጩኸት ሊቀ ዝምታ ተባሉ፣ ደመወዛቸውም እንዳለ ቀጠለ። የጩኸት ትምህርት ቤቱ የዝምታ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ሻርፑ ያው አረንጓዴው ነው፣ አሁን አፍ ላይ ይታሰራል። አህያዋም ሥራዋን አላጣችም፤ ጆሮዋን ያነሳች እንደሆነ ወላጁ ተይዟል ማለት ነው።

ያን ሰሞን የእኛ ወላጆች ዝም ሲሉ ማየት ነበረባችሁ። ልጆቹን ማየት ትተው እርስ በርስ ይሰላለላሉ፤ ማን ሳለ፣ ማን ተነፈሰ። ማንጠግቦሽ በዝምታ ሜዳሊያ ልታገኝ ስትል ትንፋሿን ይዛ ራሷን ሳተችና ውሃ ተረጨባት። ልጆቹ ግን ተጫወቱ። ትርንጎም ስትጫወት እኔ ዝም ብዬ አየኋት፤ ሕግ ስለሆነ ሳይሆን ስትጫወት ማየት ሥራ ስለሚያስፈታ ነው።

ከዕለታት በአንዱ ቅዳሜ ትርንጎ በረኛውን አልፋ ባዶ ጎል ፊት ቆመች። እግሯን ወደ ኋላ ስባ፣ ባላት ኃይል መታች። ኳሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ጫማዋ ግን ከእግሯ ወጥቶ፣ በጎሉ አናት በርሮ፣ ከጀርባው ሣር ውስጥ ገባ።

ሳቅኩ። እንዴት አልስቅም? የወፍጮ ቤት ሳቅ ነው፤ በከረጢት አይታሰርም። ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሕጉን ነገር ትቼ ዓይኔን ትርንጎ ላይ ተከልኩ፤ እጇ ወደ ማሊያዋ ይሄድ እንደሆነ። በአንድ እግሯ ቆማ፣ ካልሲዋ በጣቷ በኩል ተቀዶ፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

"እማ!" አለች። "ጫማዬን!"

ሊቀ ዝምታ እየተጣደፉ መጡ። ፍርዱን እንዲናገሩ ሕጉ አይፈቅድላቸውም፤ በጣታቸው ከጎሉ ጀርባ አሳዩኝ። ሳቅ ጩኸት ተብሎ ስላልተጻፈ ትርንጎ ከሜዳ አልወጣችም፤ የእኔ ቅጣት ከወላጆች ተለይቶ ከሣሩና ከአጥሩ ጋር መቆም ነው። ሄድኩ። ጫማዋን ሣር ውስጥ አገኘሁትና ወረወርኩላት። አወራወሬ እንደ ጩኸቴ አይደለም፤ ጫማው ትርንጎን አልፎ የሊቀ ዝምታ ግንባር ላይ አረፈ።

"ወይኔ እናቴ!" አሉ።

ራሳቸው ያወጡት ሕግ ነው፤ ምን ይደረግ። ግንባራቸውን እያሻሹ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሜዳውን አዩና "ከዚህ ሲታይ እኮ ጎሉ ሰፊ ነው" አሉኝ። ከዚያ ኳሷ በቢተው እግሮች መካከል ስትሾልክ እሳቸውም ሳቁ። እሱን ያየ ሌላ ሳቀ፣ ተቀጣ። በየሳምንቱ የሚቀጣው በዛ። ከዚያ ወዲህ የወላጆች መደዳ ላይ የቀሩት ሻርፕ አፋቸው ላይ ያሰሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሜዳሊያ ይጠባበቃሉ። ከጎሉ ጀርባ ግን ሰው ቆሎ ይዞ ይመጣል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ የማዶ ልጅም ሲያገባ ያጨበጭባል።

ባለፈው ቅዳሜ ወፍጮው ተበላሽቶ አዘገየኝና ስደርስ ቦታ አጣሁ። ከሰው ትከሻ ኋላ በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ ሳይ፣ ትርንጎ ጨዋታው ሊጀመር ሲል በእኛ በኩል ቆማ በዓይኗ ሰዉን አንድ በአንድ ትለቅማለች። እጄን ከፍ አደረግኩ። አየችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ኳሷ ሮጠች።